የተበሳ የቤንዚን ቱቦ

ከመኪና ሥር ቤንዚን ሲንጠባጠብ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ሳሙና ነው። ሳሙና በቤንዚን ስለማይሟሟ ቀዳዳውን ለጊዜው ይይዛል፤ ከመንገድ ወደ ቤት ያደርስ እንደ ሆነ እንጂ ጥገና አይባልም።

አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ቤንዚኑ በምን ያህል ግፊት እንደሚሄድ ነው። ካርቡራተር ባለው በአሮጌው ቮልስዋገን ግፊቱ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም፤ ይኸውም በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር ሩብ ያህል ነው። በኢንጀክሽን የሚሠራው ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ 3 ባርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ለቮልሱ የበቃ ጎማ እዚህ ቢቀጠል ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ ሊረጨው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ላለው መኪና የብረት ቱቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለወጥ እመርጣለሁ።

ለቮልሱ ግን መቀጠል ይበቃል። ዝገት የበላው ክፍል ደኅናው ብረት እስኪገኝ ድረስ በቱቦ መቁረጫ ይቆረጣል፤ መጋዝ ብናኙን ወደ ውስጥ ይጥላል። ጎማው እንዳይወልቅ የቱቦው ጫፍ ጥቂት ከንፈር ያውጣ፤ ጎማውም ለቤንዚን የተሠራ ይሁን። የአትክልት ማጠጫ ጎማ በቤንዚን ይበላሻል።

ይህ ሁሉ ሞተሩ ቀዝቅዞ፥ ባትሪው ተፈትቶ፥ በግልጽ ቦታ ይሠራ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ጓሮ ቡና የሚፈላ ከሆነ ከሰሉ አስቀድሞ ይጥፋ። ባለቤቲቱ ቢቆጡም።