ችግኙ ተቆጠረ፤ ከሰሉስ?

መቼም በኛ አገር ምክር የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነው። የአሁኑ ምክር ደግሞ ስለ አየር ንብረት ሆኗል። «እያንዳንዱ ዜጋ የበኩሉን ይወጣ!» ይባላል። የማያስፈልግህን አምፖል አጥፋ፣ ሥጋ ቀንስ፣ በአውሮፕላን መብረር አታብዛ፣ ለአጭር መንገድ መኪናህን አታስነሳ...

ደግ ነው። እስቲ ይህን ምክር ይዛችሁ ከሚሴ ድረስ ውረዱ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት፤ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ። ከከተማው ወጣ በሉና አንዲት የዳዋ ጨፋ እናት ፈልጉ። «እናቴ፣ መብራት ያጥፉ» ስትሏቸው «የቱን መብራት፣ ልጄ?» ይሏችኋል። «ሥጋ ይቀንሱ» ብትሏቸው፣ ከአረፋ እስከ አረፋ ስንቴ እንደቀመሱ በጣታቸው ቆጥረው ያሳይዋችኋል። የአውሮፕላኑን ነገር ተዉት፤ ያሳፍራል።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። አንድ ኢትዮጵያዊ ነዳጅና የመሳሰለውን በማቃጠል በዓመት የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ 0.2 ቶን አይሞላም። አንድ አሜሪካዊ ግን 14 ቶን ገደማ ይለቃል። ቅጣቱን የሚቀበለው ማን ነው? በ2013 መኸር በወሎ ቆላ የደረሰ ማሽላና ጤፍ የአንበጣ መንጋ ሲጨርገደው ያየ ሰው ይመልስ። ያ መንጋ የተፈለፈለው እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች በዓረብ በረሃ ላይ ያልተለመደ ዝናብ ካወረዱ በኋላ ነው። የሙቀቱ ዕዳ የማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ማሽላው ግን የከሚሴ ገበሬ ነበር። ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚመጣማ ባቲ ትናገር። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ላይ ጦርነቱና የደርግ ዝምታ ተጨምሮበት፣ ከኮረም ጋር ስሟ በዓለም የተሰማው የረሃብተኛ መጠለያ ሆና ነው።

ታዲያ እኛን ምንም አይመለከተንም? ኧረ ይመለከተናል! እዚህ ላይ ነው ከመንግሥትም ከራሴም ጋር የምጣላው።

ከከሚሴ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ፣ ካራቆሬንና አጣዬን አልፋችሁ ሰንበቴ ድረስ፣ መንገዱ ዳር በማዳበሪያ የታጨቀ፣ አፉ በሳር የተወተፈ ከሰል ታያላችሁ። አውቶብሱ ይቆማል። ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ይከራከራል፣ ረዳቱ ፖርቶመጋላው ላይ ይጭናል። ገዢው ማነው? የአዲስ አበባ ሰው ነዋ! ይህን ጋዜጣ በእጃችሁ የያዛችሁት እናንተ፣ የጻፍኩትም እኔ። እኔም ጭኜ አውቃለሁ፤ አልዋሽም። በአገር ቤት አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እንጨት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይነዳል። ሃያ ኪሎ ከሰል ቤታችሁ ካስገባችሁ መቶ ኪሎና ከዚያ በላይ ግራር ገብቷል ማለት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን የምንጠጣው ቡና ብቻ አይደለም።

ሻጩን እንዳትቆጡት። ከብቱ አልቆበት ማሳው ያልያዘለት ሰው ግራሩን የሚቆርጠው ጠልቶት አይደለም።

መፍትሔው የት ነው ከተባለ፣ የፈረንጁን ምክር ገልብጡት። ፈረንጅ መብራት አጥፉ የሚለው፣ መብራቱን ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝም ስለሚያመነጭ ነው። የኛ ኤሌክትሪክ ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ስለዚህ ለከተሜው ትክክለኛው ምክር «ከሰሉን አጥፉ፣ ስቶቩን ለኩሱ» የሚል መሆን ነበረበት። የሕዳሴው ግድብ እኮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት! ከደሞዙ ተቆርጦ ቦንድ የገዛው አስተማሪ፣ ጡረተኛው፣ ጀብሎው ጭምር የሠራው ግድብ ነው። ሆኖም ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወሰነ። መብራቱም ሊጡ ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ይሄዳል። የቤት እመቤቷ ምን ታድርግ? ከሰሉን ለክፉ ቀን ጥግ ላይ ታስቀምጣለች፤ ክፉ ቀን ደግሞ በየቀኑ ነው። መስመር ላልደረሰበት ገጠርም ቢሆን መላ አልጠፋም። ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ «ላቀች»ም ከሰል ይቆጥባል። ሁለቱም አዲስ ግኝት አይደሉም፤ ከተሠሩ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ካሜራ ፊት ስለማያምሩ ይሆን በየሰፈሩ ያልታደሉት?

ለካሜራማ ችግኝ አለ! ሐምሌ 22 ቀን 2011 በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባልን። ሒሳቡን ሠራሁት፤ በሰከንድ 8 ሺህ ይሆናል። እስትንፋስ እስክትስቡ ጫካ ማለት ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2017 ደግሞ በአንድ ቀን ከ700 ሚሊዮን በላይ ተባለ። ችግኝ መትከል ክፉ ነው የሚል እብድ የለም፤ እኔም ተክያለሁ። ግን ስንቱ ጸደቀ? ፍየል የበላውስ? ከ2011 ጀምሮ በከሚሴና በአጣዬ ዙሪያ በተደጋጋሚ ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል። ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው ችግኝ አያጠጣም። ሰላም ያላወረደ መንግሥት ደን አወርዳለሁ ሲል ማን ይመነው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጨፋ ነው። ጨፋ ማለት ቦርከና የሚያጠጣው ረግረግ ሜዳ ነው። በበጋ ሁሉም ሲደርቅ የአፋርም፣ የኦሮሞም፣ የአማራም ከብት የሚሰበሰብበት የመጨረሻው ሣር እዚያ ነው። ረግረግ ደግሞ በጭቃው ውስጥ ካርቦን ቀብሮ ይይዛል፤ ካንጠፈጠፉትና ካረሱት መልሶ ይለቀዋል። ስለዚህ ለአየሩ ጥበቃ ከተባለ፣ ከስንት ሺህ ችግኝ በፊት የሚጠበቀው ጨፋ ነበር። ይልቁንስ ዳር ዳሩ እየታረሰ ይጠባል። ከላይ ደግሞ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በገባር ወንዞች አድርጎ ቦርከና እንደሚገባ ተመራማሪዎች ለክተው ጽፈውታል። የከሚሴ እረኛ ከብቱን የሚያጠጣው ያንን ነው። በ2017 በወጣው ሕግ ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር ይቀጣል። ይቀጣ፤ ፌስታል ከብት ይገድላል። ግን ፌስታል የያዘችው ቲማቲም ሸማች ስትቀጣ፣ ወንዝ ሙሉ ቀለም የሚለቀውስ? የሱን ደረሰኝ ያየ አለ?

በ2020 ዓ.ም. 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል ተብሏል። የኮሪደሩ መብራት ይንቦገቦጋል፣ አበባው ውኃ ይጠጣል፣ የችግኙ ቁጥር በትልቁ ይጻፋል። እኔ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ለእንግዶቹ አንድ አውቶብስ መድቡላቸው። ቦርከናን ድልድዩ ላይ ቆመው ያሽትቱት። ከሚሴ ይደሩና ሰኞ ባቲ ገበያ አድርሷቸው። ስንት ማዳበሪያ ከሰል እንደተራገፈ እነሱው ይቁጠሩ።