ያለ ዋጋ የሚሰጠው የሳይንስ ትምህርት ለማን ደረሰ?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ወጣቶች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ ያልደነገጠ አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆነ። ቍጥሩ ከፍ ማለት መጀመሩ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ከመቶው ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጠው ከግማሽ በታች ሲያመጣ፥ ይህ ወጣት ከክፍል ውጭ ምን ረዳት አለው? ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ረዳቱስ አለ። በኢንተርኔት በኩል ያለ ዋጋ የሚታደለው የሳይንስ ትምህርት እጅግ ብዙ ነው። ችግሩ ከተማሪው እጅ ለመድረስ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ጥቅሙ የቱ ላይ እንደ ሆነ ለመረዳት በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ማስታወስ ይበቃል። በሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ተማሪው አልገባኝም ቢለው አይሰማውም፤ ቈይ ቢለው አይቆምለትም። ሰልማን ካን የተባለው አሜሪካዊ ግን በ2004 እ.ኤ.አ. አንዲት ዘመዱን ከሩቅ ሆኖ ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ፤ ጠያቂው ዘመድ ሲበዛበትም በ2006 እ.ኤ.አ. ትምህርቱን እየቀዳ በዩቲዩብ አወጣው። ዘመዶቹም ከእርሱ ከራሱ ይልቅ ፊልሙን እንደሚመርጡ ነገሩት። ፊልሙን ማንንም ሳያፍሩ አስቁመው ወደ ኋላ ሊመልሱት ይችላሉና። ካን አካዳሚ ከዚህ ተነሣ። አሥር ጊዜ ቢጠየቅ የማይሰለች መምህር ለዓይን አፋር ልጅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከእኛ ክፍሎች የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን ፊልም ማየትና መማር አንድ አይደሉም። ዴሬክ ሙለር በ2008 እ.ኤ.አ. ለሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፥ ጥርት ያለ የፊዚክስ ማብራሪያ ያዩ ተማሪዎች በደንብ ገባን ብለው ሳለ፥ ሲፈተኑ ከቀድሞው ብዙም ፈቅ አላሉም። የተለመደውን ስሕተት አስቀድሞ እያነሣ የሚከራከረውን ፊልም ያዩት ግን ግራ አጋባን እያሉ የተሻለ ውጤት አመጡ። ለምሳሌ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ የወርዋሪው ክንድ ኃይል አብሮት የሚወጣ የሚመስለው ብዙ ነው። ኳሱ ከእጅ ከተለየ በኋላ ግን፥ የአየሩን ግፊት ከተውነው፥ የሚሠራበት የምድር ስበት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ተማሪ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። በዕለት ንግግራችን ኃይል የምንለው ቃል የፊዚክስ መጽሐፍ ፎርስ፥ ኤነርጂና ፓወር ብሎ የሚለያቸውን ሦስት ነገሮች ጠቅልሎ ይይዛል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ቆይቶ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ወደ እንግሊዝኛ የሚዛወር ልጅ፥ ፊልሙን ሃያ ጊዜ ቢመልሰው ሦስቱን የሚለይለት ሰው ካላገኘ ያው ነው። ስለዚህ መምህሩ ቀርቶ ስልኩ ይበቃል የሚሉትን አንቀበላቸውም።

ላቦራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤትም ፌት የሚባል ሥራ አለ። የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ የሆነው ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ነው። ተማሪው በመስተዋቱ ላይ ባትሪና አምፑል በሽቦ እያገናኘ፥ ቮልቱን ከፍና ዝቅ እያደረገ ውጤቱን ያያል። (የባትሪ ድንጋይ፥ ሽቦና ትንሽ አምፑል ከሱቅ ገዝቶ በእጅ መሞከሩን ግን እኛ እናስቀድማለን።)

ዋናው ጉዳይ ያለ ዋጋ የሚለው አነጋገር ነው። ትምህርቱ ዋጋ ባይጠየቅበትም፥ ፊልሙን ወደ ስልክ የሚያመጣው የኢንተርኔት ጥቅል ይሸጣል፤ የአንድ ምዕራፍ ፊልሞች የአንድን ገበሬ ልጅ የኪስ ገንዘብ ሊጨርሱ ይችላሉ። መረቡ በማይደርስበት ቀበሌ ደግሞ ገንዘቡም ቢኖር አይረዳም። ለዚህ መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኪዊክስ ዊኪፔዲያን በሙሉ በፍላሽ ያስይዛል። ኮሊብሪ የተባለው ደግሞ የካን አካዳሚን ትምህርትና የፌትን ሙከራዎች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አጠራቅሞ፥ በዚያው ክፍል ላሉት ስልኮች ያለ ኢንተርኔት ያድላል። አንድ ጊዜ ይወርዳል፥ ብዙ ጊዜ ይታያል።

በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ወጣቶች ይህን ለማድረግ የተለየ በጀት የሚያሻችሁ አይመስለንም። መረብ ባለበት ቢሮ ጥቂት ሌሊት ሲወርድ የሚያድር ኮምፒዩተር፥ ከመጋዘን የሚወጣ አንድ የዋይፋይ ማደያና በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን የሚከፍት የፊዚክስ መምህር ይበቃሉ። መምህሩ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ፎርስን፥ ኤነርጂንና ፓወርን በሰሌዳው ላይ በአማርኛ ለይቶ ይጻፍላቸው፤ ኳሱንም ወርውሮ ምን ኃይል እንዳለበት ይጠይቃቸው፤ ከተከራከሩ በኋላ ፊልሙን ይክፈትላቸው።