የማኅበር አባላት ቁጥር በምን ሚዛን ይለካ?

ሚዛኑ ያልተስተካከለ ነጋዴ ትርፉንም ኪሳራውንም አያውቅም። የሠራተኛ ማኅበር አባላት ከመቶ ስንት እንደ ሆኑ በየአገሩና በየዘመኑ ሊያነጻጽር የሚሻም አስቀድሞ ሚዛኑን ይመርምር።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የኛ አገር በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ይባል ነበር። በኋላ ጎንደር ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ሰሜን ጎንደር ዞንም በ2009 ዓ.ም. በሦስት ተከፈለ። ድንበሩን ሳያስተካክሉ የያኔውን ቁጥር ከዛሬው ማነጻጸር፣ በክንድ የተለካን ሸማ በሜትር ከተለካ አቡጀዲ ጋር እንደ ማስተያየት ነው።

ሕጉም ተለዋውጧል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 42 ማኅበር ለማቋቋም 20 ሠራተኞች ሲጠይቅ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ወደ 10 ዝቅ አደረገው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አይተዳደሩም። እነርሱን ከጠቅላላው ሠራተኛ ጋር የቆጠረና ያልቆጠረ ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም ሳይዋሹ የተለያየ ውጤት ያገኛሉ። በመተማ የሰሊጥ አጨዳ ወራት የተደረገ ቆጠራም በሚያዝያ ከተደረገው ጋር አይገጥምም፤ የቀን ሠራተኛው ሲበዛ የአባላት ድርሻ ያንሳልና።

አማካይ ቁጥርም ያታልላል። በአሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. የማኅበር አባላት 9.9 ከመቶ ነበሩ፤ ነገር ግን በሀዋይ 26.5፣ በሰሜን ካሮላይና 2.4 ከመቶ ነበሩ። አማካዩ ሁለቱንም አይገልጽም።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ቆጠራው ማኅበር ይጠራብናል» እያሉ የደመወዝ መዝገባቸውን ይሸሽጋሉ። ነገር ግን የመደራጀት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተሰጠ ነው፤ ቆጠራ አይጨምረውም፣ አይቀንሰውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። በዚያ ጉዳይ ላይ ምክር በሚደረግበት ቀን የጎንደር ሱቅና መጋዘን የራሱ ቁጥር ከሌለው፣ የአዲስ አበባ ፋብሪካ ቁጥር ይናገርለታል፤ የሚከፍለው ግን እርሱ ነው።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤታችን በየዓመቱ በአንድ በተወሰነ ወር ቆጠራ እንዲደረግ ይጠይቅ፤ ወሰኑ፣ የተቆጠሩት ሠራተኞችና የአባላቱ ብዛት ለየብቻ ይጻፉ። እኛም የድርጅት ጸሐፊዎች መዝገባችንን በእውነት እንጻፍ። የአሠሪውና የሠራተኛው ድርድር የሚቃናው ሁለቱም አንድ ቁጥር ሲያምኑ ነው።