«ነቀዝ» ማለት ብቻ አይበቃም

በወለጋ፣ በኪራሙና በአካባቢዋ፣ ገበሬው ጎተራውን ከፍቶ በቆሎው ተበስቶ፣ ዱቄቱ ረግፎ ሲያገኘው «ነቀዝ ገባበት» ይላል። ይህ አንድ ስም ግን ዝምድናቸው የራቀ፣ ጠባያቸውም የሚለያይ በርካታ ነፍሳትን ጠቅልሎ ይዟል። የስም ጉዳይ ነው ብለን ማለፋችን ዋጋ ያስከፍለናል ባይ ነኝ።

ሁለቱን እንመልከት። አንደኛው ሲቶፊለስ ዚያማይስ የተባለው የበቆሎ ነቀዝ ነው። አፉ ቀጭንና ረጅም፣ አንቴናው እንደ ክርን የታጠፈ ነው፤ በክንፍ ሽፋኑም ላይ አራት ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሁለተኛው አሬሴረስ ፋሲኩላተስ ይባላል፤ በ1775 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የገለጸው ስዊድናዊው ደ ጊር ነው። ይህኛው የአንትሪቢዴ፣ ማለትም የፈንገስ ነቀዞች ቤተሰብ አባል ነው። አፉ አጭርና ሰፊ ነው፤ አንቴናው ሳይታጠፍ በሦስት ልል አንጓዎች ያበቃል፤ የክንፍ ሽፋኑም የሆዱን ጫፍ አይሸፍንም። ከዘመዶቹ ብዙዎቹ ፈንገስ በወረረው የሞተ እንጨት ውስጥ ሲኖሩ፣ እርሱ ከቡና፣ ከካካዎና ከበቆሎ ጋር ዓለምን ዞሯል። እርጥበት ይወዳል፤ በሚገባ በደረቀ ምርት ውስጥ እድገቱ ይጓተታል። የበቆሎ ነቀዝ ግን ለገበያ ደርቋል በተባለ በቆሎም ይራባል። እንግዲህ «አድርቁት» የሚለው ምክር ለአንዱ መፍትሔ ሲሆን ለሌላው ግማሽ መንገድ ነው። ይህን ልዩነት ለማየት የእጅ ማጉያ መነጽር ይበቃል። (የበቆሎን ነቀዝ ከሩዝ ነቀዝ በእርግጠኝነት ለመለየት ግን የመራቢያ አካሉን አውጥቶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ግድ ይላል፤ እዚያ ላይ ባለሙያ ያስፈልጋል።)

«ዘመኑ የዲ.ኤን.ኤ. ነው፤ ነፍሳትን በመርፌ መሰካት አልፎበታል» የሚሉ አሉ። የፊዚክስ ታሪክ ሌላ ይናገራል። በ1868 እ.ኤ.አ. በፀሐይ ብርሃን ውስጥ አንዲት የማትታወቅ ቢጫ መስመር ታየች። ሂሊየም የሚል ስም ቢወጣላትም፣ ራምሴይ በ1895 እ.ኤ.አ. ጋዙን ከምድር ማዕድን ውስጥ እስኪያገኘው ድረስ ጉዳዩ አጠራጣሪ ሆኖ ቆይቷል። የዲ.ኤን.ኤ. ቅንጣቢም እንዲሁ ነው፤ ስሙ በባለሙያ የተረጋገጠ የሚመሳከርበት ናሙና ከሌለ፣ ተራ የፊደላት ሰልፍ ነው።

ነቀምት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የበቆሎ ምርምር የሚካሄድበት ባኮም ሩቅ አይደለም። ተማሪዎች ከየጎተራው የሚሰበስቡት ነቀዝ ቦታው፣ ቀኑ፣ ከፍታውና የእህሉ እርጥበት ተጽፎበት በሣጥን ይቀመጥ። ሣጥኑ፣ መርፌውና ናፍታሊኑ ከአንድ ኦሲሎስኮፕ ዋጋ እጅግ ያነሰ ወጪ ነው፤ የሙያ ጓደኞቼ አይቀየሙኝ። የፊዚክስ ክፍሎችም ድርሻ አላቸው፤ የእርጥበት መለኪያዎቹን መፈተሽና ማስተካከል የእኛ ሥራ ነው። ባልተስተካከለ መለኪያ 13 በመቶ ተብሎ የተጻፈ በቆሎ 16 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ነቀዙን በትክክል የለየው ተማሪ እንኳ የተሳሳተ ምክር ይዞ ወደ ገበሬው ይመለሳል።