ልጃችን ፈተናውን ባያልፍስ?



በቀደም ትምህርቱ አልቆ ሰው ሲበተን አንድ አባት ወደ ኋላ ቀሩ። ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ጠጋ አሉን።

«ልጆቼ፣ እስቲ ላማክራችሁ። ልጄን አዲስ አበባ፣ ለቡ፣ አክስቱ ቤት አስቀምጬ አስተማርኩት። አንድ በሬ ሸጬለታለሁ። አሁን የ12ኛ ክፍል ፈተና አላለፈም። ወደ አገር ቤት ና ብለው አፍሬያለሁ ብሎ ቀረ። እንግዲህ ይህ ልጅ ከንቱ ሆነ ማለት ነው?»

እኛም «አልሆነም» አልናቸው። ለምን እንዲህ እንዳልን ዛሬ ለሁላችሁም እንጽፋለን።

አንደኛ፣ ልጁ ብቻውን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 100 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ እንደዚያው ነበር። ታዲያ ከ100 ልጆች 97ቱ ሰነፎች ናቸው? አይደሉም። መጽሐፍ ያልደረሰው ልጅ አለ። መምህር የጎደለበት ትምህርት ቤት አለ። ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ትከሻ ላይ መጫን ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሌላ መንገድ አለ። እሱም የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ነው።

ልጁ የሚኖርበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ስሙ ራሱ ከሙያ የመጣ ነው። ድሮ በዚያ ሰፈር ያለ ሽቦ፣ በአየር መልእክት የሚያስተላልፍ ጣቢያ ተተክሎ ነበር። ሰዉም «የንፋስ ስልክ» አለው። የሰፈሩ ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ።

በእንዲህ ያለ ኮሌጅ ትምህርቱ እንዴት ነው? ከ100 እጅ 70ው በተግባር፣ 30ው በቃል እንዲሆን የታሰበ ነው። ሠልጣኙ ብረት ይበይዳል፤ ሞተር ይፈታል፤ ይገጥማል። ከፊሉን ጊዜ በኮሌጁ፣ ከፊሉን በሥራ ቦታ ያሳልፋል። ሥልጠናው ደረጃ በደረጃ ነው። ከደረጃ 1 ተነሥቶ ወደ ላይ ይዘልቃል። በመጨረሻ የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ምዘናውን ያለፈ የምስክር ወረቀት ይቀበላል።

እዚህ ላይ እናንተንም የሚነካ ነገር አለ። ምዘናው ኮሌጅ ለገባ ብቻ አይደለም። ከአባቱ ግንበኝነት የተማረ፣ በልምድ አናጢ የሆነ ሰውም ተመዝኖ ወረቀቱን ሊያገኝ ይችላል። 12ኛ ክፍል ላልደረሰ ሰውም አጫጭር ሥልጠናዎች አሉ።

ሙያ ምን ያደርጋል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እዚያው ለቡ የባቡር ጣቢያ አለ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። በመጀመሪያ ሥራውን ይመሩ የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ኃላፊነቱ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ወገን ተላለፈ። ሐዲዱን ማንም ሊያሠራ ይችላል። የሚነዳና የሚጠግን የራስ ሰው ከሌለ ግን ባቡሩ ሁልጊዜ የሰው እጅ ያያል።

እንግዲህ ሙያ ይህን ያህል ከጠቀመ፣ ልጁን ያሳፈረው ምንድን ነው? ያሳፈርነው እኛው ነን።

የእጅ ሥራን የመናቅ ልማድ አሮጌ በሽታችን ነው። ማረሻችንን የሚሠራውን ሰው ስም አውጥተን እንሰድበዋለን። ማረሻው ሲዶለዱም ግን ወደ እሱ እንሮጣለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትርጉሙ የእጅ ሥራ ማለት ነው። አዋጁም ትምህርት ቤቱም ኖሩ፤ ንቀቱ ግን ከልባችን አልወጣም።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። የ10ኛ ክፍል ፈተና ጥሩ ያመጣ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሰናዶ፣ ያላመጣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው «ሙያ የወደቀ ልጅ መጣያ ነው» ብሎ አሰበ። አሁን የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ቀርቷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተማሪዎች የሙያና ቴክኒክ ትምህርትን ከ7ኛ ክፍል ጀምረው ያገኙታል። ይህ መልካም ነው። ልጅ ሳይወድቅ፣ ወድዶ ሙያ ይምረጥ።

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ሙያ በእጅም ነው።

እውነቱን ግን አንደብቃችሁም። ሠልጥኖ ሥራ ያጣ ወጣት አለ። መሣሪያ መግዣ ያጣም አለ። ስለዚህ ልጃችሁን ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ኮሌጁ እውቅና አለው?
2. የመለማመጃ መሣሪያ አለው ወይስ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ያስተምራል?
3. ሙያው በምንኖርበት አገር ይፈለጋል?
4. ልጁ ወይም ልጅቷ ራሳቸው ይወዱታል?

ልጅቷ ያልነው በስህተት አይደለም። መበየጃ የያዘችው ሴት ትሁን ወንድ ብረቱ አይለይም።

አባትየው ይህን ሁሉ ሰሙና ዝም አሉ። ከዚያ «ወረቀት ስጡኝ» አሉን። እኛ እንጻፍልዎ ብንላቸው እምቢ አሉ። ገና ሦስት ወር በተማሩት ፊደል፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ለልጃቸው የመጀመሪያውን ደብዳቤ ራሳቸው ጻፉ። እንዲህ ይላል፦

«ልጄ፣ በሬውን የሸጥኩት ለፈተናው አይደለም፣ ላንተ ነው። አትፈር። መጀመሪያ ና፣ እናትህ ትይህ። ከዚያ ሙያ እንመርጣለን። አባትህ።»

«እናትህ ትይህ» የሚለው ላይ አንድ ፊደል ተሳስተው ነበር። አላረምነውም። መልሱ ገና አልመጣም። ሲመጣ ራሳቸው ያነቡታል።

ተወያዩበት፦
በመንደራችሁ የእጅ ሙያ ያለው ማን ነው? ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?
ልጃችሁ «ብረት ሠራተኛ መሆን እፈልጋለሁ» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ደህና ሰንብቱ።