ለኮንቴይነር የተገኘ ገንዘብ ለቃል ለምን ይጠፋል?

በኤፕሪል 1931 ፓሪስ ላይ አንድ የቦክስ ግጥሚያ ተካሄደ። ወደ መድረኩ የወጣው የፓናማው ተወላጅ፣ በክብደቱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አል ብራውን ሲሆን፣ የምሽቱ ገቢ የታሰበው ለአንድ የጥናት ጉዞ ማስኬጃ ነበር። ያ ጉዞ በታሪክ የሚታወቀው የከተማችንን ስም ተሸክሞ ነው፤ የዳካር ጅቡቲ ተልእኮ። የፈረንሳይ ምክር ቤትም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በልዩ ሕግ 700,000 ፍራንክ ፈቅዶለት ነበር። በማርሴል ግሪዮል የተመራው ቡድን ጎንደር ላይ ለወራት ተቀመጠ፤ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ፤ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ ለጠፈ፤ በ1933 መጀመሪያ በጅቡቲ በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ። ብራናዎቹ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ሥዕሎቹ ደግሞ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የማነሣው የቆየ ቂም ልቀሰቅስ ብዬ አይደለም። የእኛን ጽሑፍ ለማጥናት የፈለገ መንግሥት ሕግ እንዳወጣ፣ ሕጉ ባይበቃው ቦክሰኛ እንደለመነ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ ነው። ከዘጠና ዓመት በላይ አልፎ፣ ተልእኮው ስሟን በወሰደባት በዚህችው ከተማ፣ አንዲት ወጣት የአያቷን ደብዳቤዎች ለማጥናት የሦስት ዓመት ቀለብ አጥታለች።

ባለፈው ዓመት ማስረጃዎቿን ላስተረጉም ብላ ወደ ቢሮዬ መጣች። የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ቤተሰቡን ወደዚህ ያመጣው የባቡር ሥራ ነው። ትምህርቷ በፈረንሳይኛ፣ የቤቷ ንባብ በአማርኛ ነው። በታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ አላት። ከማስረጃዎቿ ጋር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ነበር፤ በውስጡ የሠራተኞች አቤቱታ በአማርኛ፣ ከአለቆች የመጣው መልስ በፈረንሳይኛ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ አስተርጓሚው በኅዳጉ የጻፈው ማስታወሻ። በሃያ ዓመት የትርጉም ሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም። አቤቱታው «ልጄ ታሞብኛል» ሲል፣ ትርጉሙ «ሠራተኛው ፈቃድ ይጠይቃል» ይላል። በሁለቱ መካከል የወደቀው ነገር ምን እንደሆነ ማጥናት የምትፈልገው እሷ ናት።

ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው፤ ሥራው በ1897 ተጀመረ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ላይ ሸቀጥ ብቻ አልተጓዘም። «ፉርጎ» የምንለው ቃል በዚያው መንገድ መጣ፤ የአዲስ አበባው «ለገሃር» የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው። እንዲህ ያሉት ቆርቆሮዎች በድሬዳዋም በዚህ ከተማም በየሰዉ ቤት አልጋ ሥር አሉ። ሽማግሌው ሲያርፍ ልጆቹ ቤቱን ያጸዳሉ፤ ወረቀቱ ከአሮጌ ጫማ ጋር ይጣላል።

ወጣቷ ያሰበችው እነዚህን ወረቀቶች ከየቤቱ በፎቶግራፍ ማንሣት፣ ፊደል በፊደል ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ አማርኛውንና ፈረንሳይኛውን ጎን ለጎን አድርጎ ማንም እንዲፈልግበት ማዘጋጀት፣ ከዚያም በላዩ የዶክትሬት ጥናቷን መጻፍ ነበር። ይህን ዓይነቱን ሥራ ዲጂታል ሥነ ሰብእ ይሉታል። ሰባት ማመልከቻ ተረጎምኩላት። አንዱ ድርጅት የጅቡቲ ዜግነት ጠየቃት። ሌላው በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ካልሆነች አይሆንም አለ። ሦስተኛው ዕድሜዋን ቆጠረ። አራተኛው መስኩ «ቅድሚያ ከሚሰጣቸው» ውስጥ እንደማይገኝ በትሕትና ገለጸ። የቀሩት መልስ አልሰጡም። በአምስተኛው ቅጽ ላይ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ የየት አገር ሰው ነኝ ብለው ይሞሉ ነበር?» አለችኝ። እኔም ትርጉም እንጂ መልስ አልነበረኝም።

ገንዘብ የለም የሚሉን አሉ። ይህ እውነት አይደለም። የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም የተነሡበት ታላቅ ሥራ በ1973 ሲጀመር ከአሜሪካ ገንዘብ ተገኝቷል፤ ወደ 9,000 የሚጠጉ ጥራዞችም ተነሥተዋል። ከካታሎጉ አዘጋጆች ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በጀርመን አገር በቱቢንገን ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበትም ሚኒሶታ ተቀምጠው ነው። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ከ2009 እስከ 2015 በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ ብራናዎችን ለማንሣትና ለመመዝገብ ለሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ሰጥቷል። ከ2020 በኋላ በዚያ ምድር የደረሰውን ስናስብ፣ ቀድመው መነሣታቸው ምን ያህል እንደጠቀመ መካድ ነውር ነው። በዚያው በሃምቡርግ «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው የዲጂታል ሥራ በ2016 ተጀምሮ እስከ 2040 እንዲዘልቅ ታቅዶለታል። ሃያ አምስት ዓመት! እነዚያ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። እኔ የምለው ግን፣ የዶክትሬት ደመወዝ ፕሮጀክቱ ያለበትን ቢሮ ይከተላል፤ ወረቀቱ የተገኘበትን ቤት አይከተልም። በብሪቲሽ ላይብረሪ በኩል የሚሰጠው ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ድጋፍ ዋናው ጽሑፍ ከአገሩ እንዳይወጣ ማዘዙ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚከፍለው ለማንሣቱ ነው፤ ተቀምጦ ለሚያነበው ተማሪ ቀለብ አይሰፍርም።

ወደ ራሳችን አህጉር እንመለስ። የአፍሪካ መንግሥታት ከዓለም ባንክ ጋር ያቋቋሙት፣ ፓሴት የሚባለው የዶክትሬት ድጋፍ በስሙም በተግባሩም ለተግባራዊ ሳይንስ፣ ለምሕንድስናና ለቴክኖሎጂ የተመደበ ነው። በዓለም ባንክ የሚደገፉት የአፍሪካ የልህቀት ማዕከላትም ወደ ጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ሲመጡ የመጡት ለሎጂስቲክስና ለትራንስፖርት ነው። ሎጂስቲክስን አልቃወምም፤ የሁላችንም እንጀራ ከወደቡ ነው፤ የእኔም ትርጉም ግማሹ የጭነት ሰነድ ነው። ግን ኮንቴይነሩ ከመርከብ ወርዶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ያለውን እያንዳንዱን ሰዓት የሚያጠና ዶክተር ሲያስፈልግ፣ በዚያው መንገድ ላይ መቶ ዓመት የተጻጻፉትን ሰዎች የሚያጠና አንድ ሰው ትርፍ የሚሆነው በየትኛው ሒሳብ ነው?

«ዲጂታል ከሆነ ምን ገንዘብ ይፈጃል? ስልክ ይበቃል» የሚል አስተያየት በፕላስ ሜኔሊክ ቡና ላይ ሰምቻለሁ፤ የተናገሩትም የተማሩ ሰዎች ናቸው። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው በ1999 መሆኑ በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው። ዩኒኮድ ግን ፊደሉን እንጂ የአያትን የእጅ ጽሕፈት አያነብም። የእጅ ጽሕፈት እንዲያነብ የሚሠለጥነው ትራንስክሪቡስ የተባለው ፕሮግራም ከ2020 ጀምሮ ከተወሰነ መጠን በላይ ክፍያ ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው ተቀምጦ ብዙ ገጽ በእጁ ገልብጦ ሊያስተምረው ይገባል። ያ ሰው ይበላል፣ በጁላይ ሙቀት የመብራት ሒሳብ ይከፍላል።

በሌላው ወገን ያለውንም ዝም ብዬ አላልፍም። «ዲጂታል» የሚለውን ቃል በርዕስ ላይ ለጥፎ የድሮውን ጥናት የሚያቀርብ አመልካች አለ። እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን ተርጉሜአለሁ፤ አንዳንዶቹ ገንዘቡን አግኝተዋል። ያለ ፊሎሎጂ፣ ያለ ቋንቋ ዕውቀት ኮምፒውተር ብቻውን የተቃጠለ ወጥ የሚያማስል ማንኪያ ነው። ስለዚህም ነው ሁለቱን ቋንቋ ከልጅነቷ የምታውቅ ተማሪ ስትገኝ የሚያንገበግበኝ።

የሚገርመው የቦታችን ነገር ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ የባሕር ሥር ኬብሎች በብዛት የሚያርፉት በዚህች ጠረፍ ነው። በውጭ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠ የብራና ሥዕል በአዲስ አበባ ስክሪን ላይ ሲታይ በእግራችን ሥር አልፎ ሊሆን ይችላል። በኦክቶበር 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒውተር ዘራፊዎች ተጠቅቶ በድረ ገጹ ያሉት ብራናዎች ለብዙ ወራት ተዘጉ፤ ከመቅደላ የተወሰዱትም አብረው ተሰወሩ። ሩቅ ያለ ቅጂ የሰው በር መጠበቅ እንደሆነ ያን ጊዜ ታየ።

እንግዲህ ከማን ምን እጠይቃለሁ? ድጋፍ ሰጪዎች በቅጻቸው ላይ ከፓስፖርቱ ይልቅ የመኖሪያውንና የቋንቋውን ነገር ይጠይቁ። ከዚህ ቀጣና ጽሑፍ የሚያነሣ ፕሮጀክት ሁሉ አንዲት የዶክትሬት ወንበር ለጽሑፉ አገር ልጅ ይተው። የጅቡቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች በጣምራ የሚያማክሯት ሁለት መምህራን ቢመድቡ ወጪው የሚያስፈራ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ግን የምጠይቀው የራሳችንን ሰዎች ነው፤ የትራንዚት ድርጅት ያላችሁ፣ በአንድ ሠርግ ለአዳራሽና ለዘፋኝ የምትከፍሉትን ታውቁታላችሁ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለእኛ ነው። የቀደመው የባቡር ሠራተኛ አያታችሁ አቤቱታውን የጻፈው በላቡ በገዛው ወረቀት ነው።

ወጣቷ አሁን በአንድ የትራንዚት ቢሮ የጭነት ሰነድ ትሞላለች። አርብ አርብ ቢሮዬ ትመጣለች፤ ደጁን ዘግተን፣ አድናቂውን አብርተን፣ በሳምንት አራት ወይም አምስት ደብዳቤ እንገለብጣለን። እስካሁን ከቆርቆሮው ግማሹን አልጨረስንም። የሚቀጥለው ዙር ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ስሟን፣ የትውልድ ቦታዋንና የጥናቷን ርዕስ ሞልታለች፤ የዜግነቱን መስመር ባዶ ትታዋለች።