የተገለጠ ሁሉ የተፈቀደ አይደለም

ውድ አንባቢ፣ ነገራችንን በአንድ ሠርግ እንጀምር።

ባለፈው ዓመት እዚህ አሰላ ከተማ አንድ ጎረቤታችን ልጃቸውን ዳሩ። ድንኳኑ እንደ ደንቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተቀመጡ። በሴቶቹ በር ላይ አንዲት እናት ቆመው ወንድ እንዳይገባ ይጠብቁ ነበር። ልጃገረዶቹም በመካከላቸው ወንድ አለመኖሩን አረጋግጠው ሒጃባቸውን አወለቁ፤ ፀጉራቸውን ለቀው ጨፈሩ። ሠርግ ነው፤ ደስታ ነው። ነውርም ወንጀልም አልሠሩም።

በማግስቱ ግን ከዚያው ድንኳን ውስጥ በስልክ የተቀረጸች፣ ግማሽ ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ስትዞር ዋለች። ለእኔም ደረሰችኝ። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ከመሰረዜ በፊት አይቻታለሁ። በመሐል የምትጨፍረው ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማውቃት ናት። ያን ቪዲዮ ካየሁ ወዲህ መንገድ ላይ ሳገኛት አንገቴን የምደፋው እኔ መሆን ሲገባኝ፣ አንገቷን ደፍታ የምታልፈው እሷ ሆነች። ጉዳዩን ያነሳሁባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የጠየቁኝም «ማን ቀረጸ?» ብለው አይደለም። «ለምን ተገለጠች?» ብለው ነው።

ጠቤ ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው። ጥያቄው ጨዋ ይመስላል፤ የሃይማኖት ቅናትም ይመስላል። ነገር ግን ሌባውን ትቶ «ቤቱ ለምን በር ኖረው?» ብሎ እንደ መጠየቅ ያለ ነው።

ምናልባት «የሠርጉ ነገር ቀላል ነው፤ ልጅቷ በግርዶሽ ውስጥ ነበረች» ትል ይሆናል። እሺ፣ እንግዲያው ለክርክሬ ቀላሉን ምሳሌ ትቼ ከሁሉ የከበደውን ልውሰድ። በጀርመን አገር ሰዎች ያለ ልብስ የሚዋኙባቸው የባሕርና የሐይቅ ዳርቻዎች አሉ። ልማዱ ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ በተለይ በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የባልቲክ ባሕር ዳርቻ ቤተሰብ ሁሉ የሚሄድበት ነገር ሆኖ ነበር። እኛ ይህን አንቀበልም። የዐውራ ድንጋጌ ግልጽ ነው፤ ለዚያ ልማድ ጥብቅና አልቆምም። ነገር ግን በዚያ ዳርቻ ላይ አንድ ሰው ልብሱን ለብሶ፣ ከአሸዋው ቁልል ኋላ ተሸሽጎ፣ በውኃው ዳር ያሉትን ሴቶች በስልኩ ቢያነሳ ምን ትላለህ? «ራሳቸው ገልጠዋልና ምን አጠፋ?» ትላለህን?

በዚያ ያሉ ሰዎች በመካከላቸው ያልተጻፈ ስምምነት አላቸው። ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ይታያል። ማንም አያፈጥም፤ ማንም አያነሳም። በብዙዎቹ ዳርቻዎች ካሜራ የተከለከለውም ለዚሁ ነው። ባለ ካሜራው ግን ያያል እንጂ አይታይም። ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። በዚያ ያሉት ለተገኘው ሰው የፈቀዱትን እሱ ላልተገኘው ሁሉ ያድላል። ዓይን ያየውን ይረሳል፤ ሰው ያረጃል፤ ትዝታም ይደበዝዛል። ምስል ግን አይደክምም። ዛሬ የ20 ዓመት ልጅ ሆና የተነሳችው ሴት፣ በ50 ዓመቷም በማታውቀው ሰው እጅ የ20 ዓመት ልጅ ሆና ትገኛለች።

እንግዲህ አስተውል። የባሕሩ ዳርቻና የሠርጋችን ድንኳን በሥነ ምግባር እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃሉ። በሁለቱም ላይ የተፈጸመው ስርቆት ግን አንድ ነው። በሁለቱም ቦታ አንዲት ሴት ለእነ እገሌ ብቻ ብላ የገለጠችው፣ ያለ ፈቃዷ ለሁሉ ተበተነ። የመጀመሪያዋን «ይበላት» ያለ ሰው፣ ለሁለተኛዋ የሚከራከርበት አፍ አይኖረውም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። አንቀጽ 29 ደግሞ ተበዳዩ ድርጊቱ እንዲቆምለትና እንዲካስ የሚጠይቅበትን መንገድ ይከፍታል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር መብት አድርጎታል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አንቀጽ 27 የሚናገረው ስለ ማሳየትና ስለ ማባዛት እንጂ ስለ ማንሳቱ አይደለም። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር በአደባባይ የተፈጸሙ ነገሮችንም ይጨምራል። ታዲያ በወንዝ ዳር የምትታጠብ ሴት በአደባባይ ናት ወይስ በግሏ? ለአንሺው ጠበቃ ሰፊ በር ተከፍቶለታል።

ይህ ቀዳዳ የእኛ ብቻ አይደለም። ጀርመን የሰውን ምስል የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ሁለት ፎቶ አንሺዎች የቢስማርክን አስከሬን ሌሊት ሰርቀው ገብተው አነሱት፤ አገሩም ተቆጣ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ከሴት ቀሚስ ሥር ሰርቆ ማንሳት በዚያው አገር ወንጀል ሆነ። ሆኖም ይህ አዲሱ ድንጋጌ የሚጠብቀው ከእይታ የተከለለውን አካል ነው። ልብስ ያልሸፈነውን፣ ማለትም ያን የባሕር ዳርቻ ሰው፣ አይደርስለትም። የሁለቱም አገር ሕግ የሚጠይቀው ግድግዳ ነበረ ወይ፣ ጨርቅ ነበረ ወይ ብሎ ነው። እኔ ግን እላለሁ፦ የሰው ክብር አጥሩ ጨርቅና ግድግዳ ብቻ አይደለም። አማናም አጥር ነው።

«እኔ ግን ከፍያለሁ» የሚልም አለ። ይህን መልስ ለመስማት አውሮፓ መሄድ አያሻም። ወደ ደቡብ ኦሞ ውረድ። ሙርሲዎችና ሐመሮች ባሉበት ቱሪስቱ ከመኪናው ወርዶ፣ ለአንድ ፎቶ ጥቂት ብር ቆጥሮ፣ ደረቷ ያልተሸፈነች ሴትን አቁሞ ያነሳል። ለዓመታት በሙርሲዎች መካከል ያጠናው እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ ይህ ግንኙነት ለሁለቱም ወገን የማይመች መሆኑን አሳይቷል። በእርግጥ ሴቲቱ ብሩን ተቀብላለች። ነገር ግን የተቀበለችው ለመቆሟ ነው። ምስሏ በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ግድግዳ፣ በማን ስልክ ውስጥ እንደሚኖር ማን ነገራት? በአገሯ ልማድ ለብሳ ነበር የቆመችው። እርቃኗን ያደረጋት ካሜራው ነው።

ይህ ደግሞ የቆየ ታሪክ ነው። በ1928 ዓ.ም ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር ወታደሮቹ ከጠመንጃው ጋር ካሜራም ይዘው መጡ። ግማሽ አካላቸው የተገለጠ የኤርትራ፣ የሶማሊያና የኢትዮጵያ ሴቶች ፎቶግራፍ በፖስታ ካርድ እየታተመ ወደ ኢጣሊያ ይላክ ነበር። ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ያ ወራሪ ያደረገውን ዛሬ የሰፈራችን ጎረምሳ በኪሱ ይዞት ይዞራል።

አሁን ደግሞ ለራሳችን ወገን የቀረበውን ልናገር። «እኔ የማነሳው ለማጋለጥ ነው» የሚል ወንድም አለ። ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሶደሬ ይወርዳል፤ በዋና ልብስ ያሉ ሴቶችን ከሩቅ ያነሳል፤ «የዘመኑን ጉድ ተመልከቱ» የሚል ጽሑፍ ጨምሮ ይለቅቀዋል። ሲጠየቅ ከመጥፎ መከልከል ነው ይላል። ወንድሜ ሆይ፣ በዳርቻው ላይ አንድ መቶ ሰው ያየውን ለመቶ ሺህ ሰው ያሳየኸው አንተ ነህ። ሱረቱ አን-ኑር በቁጥር 19 ላይ ጸያፍ ነገር በምእመናን መካከል እንዲስፋፋ የሚወዱትን በብርቱ ያስጠነቅቃል። ሱረቱል ሑጁራት በቁጥር 12 የሰውን ነውር መሰለልን ይከለክላል። አንተ ሁለቱንም በአንድ ጣት ፈጸምሃቸው፤ ከዚያም «ዳዕዋ» ብለህ ሰየምከው።

እስቲ ትእዛዙ ለማን እንደመጣ እንይ። በዚያው በሱረቱ አን-ኑር ስለ ዓይን የተነገረው ትእዛዝ በቁጥር 30 በመጀመሪያ የሚመጣው ለምእመናን ወንዶች ነው። ስለ ሴቶች የተነገረው ከዚያ ቀጥሎ በቁጥር 31 ነው። እኛ ግን ሁለተኛውን አንቀጽ በቃላችን ይዘን የመጀመሪያውን ረሳነው።

በመሰናበቻው ሐጅ ጊዜ የሆነውን አስታውስ። አል-ፈድል ኢብኑ ዐባስ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኋላ በግመል ላይ ተፈናጦ ሳለ ከኸሥዐም ጎሣ የሆነች ሴት ስለ ሽማግሌ አባቷ ሐጅ ልትጠይቅ መጣች። ወጣቱ ፈድል ያያት ጀመር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን አደረጉ? የፈድልን ፊት በእጃቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞሩ። ሴቲቱን ግን አላባረሯትም፤ ለጥያቄዋ መልስ ሰጧት። ሌላም አለ። አንድ ሰው በቀዳዳ አጮልቆ ወደ ቤታቸው ሲያይ፣ ማየቱን ቢያውቁ ኖሮ በእጃቸው በያዙት ማበጠሪያ ዓይኑን ይወጉት እንደነበር ነገሩት። ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑንም አስተማሩን። የዛሬው ቀዳዳ ካሜራ ይባላል።

ለአርሲ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር ሊሆን ባልተገባ ነበር። አያቴ፣ አኮዬ፣ ልጅ ሳለሁ ወደ ከታር ወንዝ ስትልከኝ መታጠፊያው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንድጣራ ታዘኝ ነበር። ሴቶች እየታጠቡ ከሆነ ይመልሳሉ፤ ያን ጊዜ ዞሬ በላይኛው መንገድ እሄዳለሁ። ወንዙ ግድግዳ አልነበረውም። ግድግዳው የእኔ ድምፅ ነበር። አያቴ «ለምን በወንዝ ይታጠባሉ?» ብላ አልተቆጣችም፤ እኔን ነው ያስተማረችኝ።

ስንቄስ ምንድን ነው? በአርሲ ኦሮሞ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። የአንዲት ሴት ክብር ሲደፈር ሴቶቹ ስንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካሣ እስኪያቀርብም አይመለሱም። ይህ ሥርዓት በዳዩን ይፈልጋል እንጂ ተበዳይዋን አይመረምርም። ታዲያ ያቺ የሠርግ ቪዲዮ በዞረች ቀን ስንቄ ይዞ የወጣ ማን ነው? ማንም አልወጣም። ሁላችንም ስልክ ይዘን ተቀመጥን።

ውድ አንባቢ፣ ወቀሳ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። በሠርጋችሁ በሴቶቹ በር ላይ የቆሙት እናት አንድ ዘንቢል ይኑራቸው፤ የሚገባ ሁሉ ስልኩን እዚያ ያኑር። የተከለከለ ነገር የሚገባው በወንድ እግር ብቻ አይደለምና፤ በእህት ቦርሳም ይገባል። እንዲህ ያለ ምስል የደረሰህ እንደሆነ ሳትከፍተው አጥፋው። ጸጥ ብለህ አጥፍተህ ግን አትለፍ፤ የላከልህን ሰው «ከማን ፈቃድ አገኘህ?» ብለህ ጠይቀው። ኢማሞቻችን በጁምዓ ስለ ሴቶች አለባበስ አንድ ጊዜ ሲናገሩ፣ ስለ ወንዶች ዓይንና ስልክም አንድ ጊዜ ይናገሩ። ሕግ አዋቂዎቻችንም የአንቀጽ 28ን በር እንዴት እንደሚያጠብቡት ይምከሩበት።

«ለምን ተገለጠች?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ከእንግዲህ ከአፋችን እናውጣው። የተገለጠች ሁሉ ለአንተ አልተገለጠችም። ሴቲቱ የአላህ ትእዛዝ ካለፈች ሒሳቧ ከአላህ ጋር ነው፤ ያንተ ካሜራ ሒሳብ ግን ከእሷም ጋር ነው። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ይቅር ካላለ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይቅርታ ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ ማን እንደበደሉ ማወቅ ይገባል። አንድ ጊዜ የለቀቅከውን ምስል ስንት ሺህ ሰው እንዳየው ታውቃለህን? ከስንቱ እጅ ትሰበስበዋለህ?

እኔ ለዚያች ልጅ በአባቷ በኩል ይቅርታ ልኬላታለሁ። ስላየሁ ብቻ። አባቷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ከላኩት ሁሉ የመጣኸው አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ። እኔ እኮ አልላክሁም ነበር። የላኩት የት አሉ?

አላህ ዓይናችንን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።